ከኢየሩሳሌም እስከ ሐዴራ



ወደ ቅድስት አገር ለመሳለም የሄደ ሰው ሲመለስ የሚተርከው ስለ ጎልጎታና ስለ ቤተ ልሔም፣ ስለ ዮርዳኖስና ስለ ደብረ ዘይት እንደ ሆነ የታወቀ ነው። እኛም ከጥቂት ምእመናን ጋር ሰሙነ ሕማማትንና በዓለ ትንሣኤን በኢየሩሳሌም ለማክበር በተነሣን ጊዜ የምንጽፈው ይህንኑ እንደሚሆን እናስብ ነበር። ነገር ግን ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል እንደሚባለው፣ ከማስታወሻ ደብተራችን ገጾች የሚበዙት የተሞሉት በባሕር ዳር ስላለች ስለ አንዲት ከተማና በዚያች ከተማ በአማርኛ ስላነጋገሩን ስለ አንድ ሽማግሌ ነው። ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው።

በዕለተ ስቅለት ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነበረ። ዴር ሱልጣን የምንለው የአባቶቻችን ገዳም በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ሰገነት ላይ የሚገኝ ነው። በግቢው መካከል ከታች ላለው ለቅድስት ዕሌኒ ቤተ ጸሎት ብርሃን የሚያስገባ ጉልላት አለ፤ በዙሪያውም ዝቅ ዝቅ ያሉ የመነኮሳት ማደሪያዎች ተደርድረዋል። ሕዝቡ «ኪርያላይሶን» እያለ ሲሰግድ፣ ከእኛ ጋር ከአዲስ አበባ የመጡ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ያለፈ አንዲት እናት በድንገት ተቀመጡ። ፊታቸው በላብ ተጠምቋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ የሚናገሩትም ቃል ይምታታ ነበር። እኛ ከስግደቱ ብዛትና ከፀሐዩ ብርታት የመጣ ድካም መሰለን። እንዲያውም ከመካከላችን «በተመስጦ ናቸው፤ አትንኳቸው» ያለ ሰው ነበረ። ጥቂት ቆይተው ግን ራሳቸውን ሳቱ፤ በዚያን ጊዜ ደንግጠን አምቡላንስ ጠራንና ወደ ሆስፒታል አደረስናቸው።

በሆስፒታሉ ከጣታቸው የደም ጠብታ ተወስዶ ሲታይ የደማቸው ስኳር እጅግ ወርዶ ተገኘ። ወዲያው በደም ሥራቸው የስኳር ውሃ ተሰጣቸው፤ ብዙም ሳይቆይ ዐይናቸውን ገለጡ። በዚያን ሰዓት ነጭ ልብስ የለበሰች አንዲት ጠይም ወጣት ነርስ ጎንበስ ብላ «እማማ፣ ይሰሙኛል? አይዞዎት፣ በሰው መካከል ነዎት» ስትል በጎንደር አማርኛ ሰማናት። እኚያ እናት ገና ከነበሩበት ሳይመለሱ ኖሮ «ልጄ፣ አገሬ ገባሁ እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

የሆነው ነገር ከዚያ በኋላ ተገለጠ። እኚህ እናት የስኳር ሕመም ካደረባቸው 7 ዓመት አልፏቸዋል፤ ነገር ግን ከልጆቻቸው በቀር ማንም አያውቅም ነበር። እንክብሎቹን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘው ነበር። ከጸሎተ ሐሙስ ማታ ጀምሮ ያከፈሉ ሲሆን፣ ዓርብ በማለዳ መድኃኒቱን በጉንጭ ውሃ ውጠዋል። «ጾሙን እንዳልሽር፣ መድኃኒቱንም እንዳላቋርጥ ብዬ ነው ልጄ» አሉ። ነርሷም እጃቸውን ይዛ «እማማ፣ ይህ መድኃኒት ቆሽትን እያስገደደ የደምን ስኳር የሚያወርድ ነው። ሰውዬው በላ አልበላ ብሎ አይጠይቅም፤ ምግብ ካላገኘ ያለውን ያራቁታል» አለቻቸው። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባቴም እንዲሁ እንደ እርስዎ ይደብቅ ነበር» አለች።

ይህች ወጣት ከቤተ እስራኤል ወገን ስትሆን፣ ወላጆቿ የሚኖሩት በሐዴራ ከተማ ነው። በማግሥቱ ስንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ «በዓላችሁ ካለፈ በኋላ ወደ ሐዴራ ኑ፤ አባቴ የአገር ሰው ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ እማማም ከእርሱ የሚሰሙት ነገር አለ» ብላ ጋበዘችን። እናታችን ከሆስፒታል ወጥተው፣ የትንሣኤውንም በዓል በደስታ አክብረን፣ በሳምንቱ መካከል ተነሥተን ወደዚያው አመራን።

ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተሠራች ስለ ሆነች፣ ከእርሷ ወደ ባሕር የሚወስደው መንገድ ቍልቍለት ነው። መኪናችን በድንጋያማ ኮረብቶች መካከል እየተጠማዘዘች ወረደች፤ ነፋሱ ቀስ በቀስ እየሞቀ፣ አየሩም እየከበደ ሄደ። ሜዳውን ይዘን በቴል አቪቭ አጠገብ ካለፍን በኋላ ባሕሩን በስተግራ አድርገን ወደ ሰሜን ተጓዝን። በመንገዱ ግራና ቀኝ የብርቱካን አትክልትና የአሸዋ ኮረብታ ይታያል። ከሩቅ የኤሌክትሪክ ማመንጫው ረጃጅም የጢስ መውጫዎች ሲታዩ ሾፌራችን «ሐዴራ ያችውና» አለን። ከኢየሩሳሌም የተጓዝነው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

ወደ ከተማይቱ ስንገባ መጀመሪያ ዐይናችንን የሳበው ባሕር ዛፍ ነው። ቅርፊቱ የተላጠ፣ ግንዱ የነጣ፣ ሽታው እንደ እንጦጦ የሆነ ባሕር ዛፍ! አብረውን የነበሩት እናት መስኮቱን አውርደው ሽታውን ወደ ውስጥ ሳቡና «ይህስ የእኛ ነው» አሉ። በእርግጥ ግን የእኛም የእነርሱም አይደለም፤ የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ነው። ወደ አዲስ አበባ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ የማገዶ እጦት መዲናይቱን ሊያስነሣት በነበረበት ወቅት ደርሶ እንዳቆማት ይነገርለታል። ወደ ሐዴራ የመጣበት ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ እርሱም የበሽታ ነገር ነው።

ሐዴራ የሚለው ስም ልምላሜን ከሚያመለክት ከዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1891 ዓ.ም. ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁድ ይህን መሬት ገዝተው ሲሰፍሩ ልምላሜውን እንጂ ረግረጉን አላስተዋሉም ነበር። በረግረጉ የምትራባው ትንኝ የወባን በሽታ አመጣችባቸውና ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ ከነልጆቻቸው አለቁ። ቦዩን ሲቆፍሩ ከነበሩት ከግብፅ የመጡ ሠራተኞችም የሞቱት ጥቂቶች አይደሉም። ከጊዜ በኋላ ውሃውን በቦይ እያስወጡ፣ ባሕር ዛፉን እየተከሉ፣ ኪኒንም እየወሰዱ ቀስ በቀስ ድል ነሡት። በዚያ ዘመን ሕሙማኑን ይረዳ ከነበሩት ሐኪሞች አንዱ ሂሌል ያፌ (1864–1936) ሲሆን፣ ዛሬ በከተማይቱ ያለው ትልቅ ሆስፒታል በስሙ ይጠራል። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ያደሩበት ኻን የተባለው አሮጌ ቤትም ቤተ መዘክር ሆኖ ይህን ታሪክ ያሳያል።

እንግዲህ ይህች ከተማ መጤ በማያውቀው በሽታ ሲመታ አንድ ጊዜ ያየች ከተማ ናት። ሁለተኛው መጤ ደግሞ ከእኛ አገር ሄደ፤ የጠበቀውም ሌላ በሽታ ነው።

የነርሷ ወላጆች የሚኖሩት ባለ 4 ፎቅ በሆነ ሕንፃ በሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። አባትየው በበሩ ላይ በምርኩዝ ተደግፈው ቆመው ጠበቁን። ቀጠን ያሉ፣ ጢማቸው የነጣ፣ ነጠላ የደረቡ ሽማግሌ ናቸው። «እንደምን ዋላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ፣ አገር ደኅና ነው? ክረምቱ እንዴት ነበር? እህሉ እንዴት ነው?» እያሉ እስክንቀመጥ ድረስ ሰላምታውን አላቋረጡም። ባለቤታቸው እንጀራ በሽሮ አቀረቡልን። በሥጋ ነገር የእነርሱም የእኛም ሥርዓት ስለሚለያይ፣ ሽሮው ለሁላችንም አማካኝ ሆነ።

ከምግብ በኋላ ቡናው እየተቈላ ሳለ ሽማግሌው ታሪካቸውን ጀመሩ። የተወለዱት በጎንደር አካባቢ አምቦበር ከተባለው መንደር አጠገብ ነው። በ1976 ዓ.ም. ከቤተ ሰባቸው ጋር በሌሊት ወጥተው ወደ ሱዳን በእግር ተጓዙ። ቀን በጫካ እየተደበቁ፣ ሌሊት እየሄዱ፣ ኡም ራኩባ ከተባለው የስደተኞች ሰፈር ደረሱ። በዚያም እናታቸውንና ታናሽ እኅታቸውን ቀበሩ። በዚያ መንገድና በዚያ ሰፈር የሞቱት የቤተ እስራኤል ወገኖች ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። የተረፉትን ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. ድረስ አውሮፕላኖች በምስጢር እያመላለሱ ወሰዷቸው፤ የሙሴ ዘመቻ የተባለው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ በግንቦት 1983 ዓ.ም. የሰሎሞን ዘመቻ በተባለው በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ ተወሰዱ። ዛሬ በእስራኤል ከኢትዮጵያ የመጡትና ልጆቻቸው በአንድነት ከ160,000 በላይ ናቸው።

«በመጣሁ ጊዜ ሲመዝኑኝ 50 ኪሎ አልሞላሁም» አሉ ሽማግሌው። «መርካዝ ክሊታ በሚሉት በመጤዎች መቀበያ አስገቡን። ነጭ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ጣፋጭ መጠጥ፣ የምትፈልገውን ሁሉ ያቀርባሉ። እንግዳ ተቀባይ ያቀረበውን እምቢ ማለት በእኛ ነውር ነው፤ ደግሞስ ከራብ የመጣ ሰው ምን ብሎ እምቢ ይላል? በአገራችን ቡናውን በጨው ነበር የምንጠጣው፤ እዚህ ስኳሩን በማንኪያ አከታትለን እንጨምር ጀመር። ጤፍ የለም፤ ሴቶቹ እንጀራውን በነጭ የስንዴ ዱቄትና በሩዝ ጋገሩት። በእግር መሄድ ቀረ፤ አውቶቡሱ ከደጅ ያነሣል። እኔም የፋብሪካ ዘበኛ ሆኜ ሌሊት ሌሊት በወንበር ላይ መቀመጥ ሥራዬ ሆነ።»

በ9ኛው ዓመት ውሃ ጥም ያቃጥላቸው፣ ሌሊትም ለሽንት ደጋግሞ ያስነሣቸው ጀመር። ሐኪሙ መርምሮ የስኳር በሽታ ነው አላቸው። እርሳቸው ግን አላመኑም፤ «ይህ የሀብታም በሽታ፣ የወፍራም ሰው በሽታ ነው እንጂ እንደ እኔ ያለውን ቀጭን አይነካም» ብለው አሰቡ። ቆይተው ባመኑ ጊዜም ስሙ ራሱ አሳታቸው። «ስኳር ነው ሲሉኝ ስኳሩን ተውሁ፤ ዳቦውም ሩዙም ውሎ አድሮ በደም ውስጥ ስኳር እንደሚሆን ግን ማን ነገረኝ? ሐኪሙ በዕብራይስጥ ይናገራል፤ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። መድኃኒቱን ወር ውጬ ሲሻለኝ ጣልሁት። በአገራችን በሽታ ወይ ይድናል፣ ወይ ይገድላል፤ ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር በሽታ አላውቅም ነበር። ለጎረቤትም አልተናገርሁም፤ ልጆቼን ለጋብቻ የሚፈልግ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ።»

ከዚህ በኋላ ሽማግሌው ካልሲያቸውን አውልቀው የግራ እግራቸውን አሳዩን፤ ሁለት ጣት የለውም። አንድ ቀን ጫማቸው ውስጥ ጠጠር ገብቶ ከጧት እስከ ማታ ሲሄዱበት ዋሉ፤ ስኳሩ የእግራቸውን ስሜት ስላጠፋው አልተሰማቸውም። ቍስሉ አመረቀዘና ጣቶቹ ተቈረጡ። «ከአምቦበር እስከ ሱዳን ያደረሰኝ እግር፣ ከቤት እስከ ሱቅ መሄድ አቃተው» አሉና ፈገግ አሉ። እኛ ግን ፈገግ ማለት አልተቻለንም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ነርሲቱ ከሥራዋ ደረሰች። ልብሷን ለውጣ በሳህን ለብ ያለ ውሃ አመጣች፤ ሙቀቱን በክርንዋ ለካች፤ የአባቷ እግር ማቃጠሉን አይለይምና። ከዚያ በኋላ እግራቸውን አጠበች፤ በጣቶቹ መካከል ያለውን እርጥበት በፎጣ አደረቀች፤ ውስጥ እግራቸውንም ቍስል እንዳለበት በመብራት አየች። በየማታው እንዲሁ ታደርጋለች። እኛም በጸሎተ ሐሙስ በኢየሩሳሌም ያየነውን ሕፅበተ እግር አስታውሰን ዝም አልን። አብረውን የነበሩት እናትም ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ይመለከቱ ነበር።

ነርሲቱ ለጥያቄያችን የመለሰችልን ብዙ ነው፤ ለቤተ ሰብ የሚጠቅመውን አሳጥረን እናቀርበዋለን።

የምንበላው እህል በሆዳችን ተፈጭቶ ስኳር ይሆንና በደም ይጓዛል። ከደም ወደ ሰውነታችን ክፍሎች እንዲገባ በሩን የሚከፍትለት ኢንሱሊን የተባለው ንጥረ ነገር ነው፤ የሚያመነጨውም ከጨጓራ በስተኋላ ያለው ቆሽት ነው። ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨቱን ጨርሶ ሲያቆም አንደኛው ዐይነት የስኳር በሽታ ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜ በልጆችና በወጣቶች የሚታየው ይህ ሲሆን ያለ ኢንሱሊን መርፌ መኖር አይቻልም። ኢንሱሊን በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1921 እስኪገኝ ድረስ ይህ በሽታ የሞት ፍርድ ነበር። ሁለተኛው ዐይነት ግን ኢንሱሊን እያለ በሩ አልከፈት ሲልና ቆሽቱም እየደከመ ሲሄድ የሚመጣ ነው። ከሚታመሙት እጅግ የሚበዙት በዚህኛው የተያዙ ናቸው፤ ስደተኞችን የሚያጠቃውም ይኸው ነው። በደም የበዛው ስኳር ለብዙ ዓመት ሳያሳምም ዐይንን፣ ኵላሊትን፣ ልብንና የእግር ነርቭን ይጎዳል።

ሽማግሌው ቀጭን ሆነው እንዴት ያዛቸው? ለትውልድ በእጦት የኖረ ሰውነት ጥቂቱን ቆጥቦ መያዝ ይለምዳል፤ ድንገት ወደ ጥጋብ ሲሻገር ትርፉን በሆድና በጉበት ዙሪያ ያከማቸዋል ይላሉ ሊቃውንቱ። ስለዚህ ከኢትዮጵያ በሄዱት ሰዎች ላይ በሽታው የሚጀምረው ከሌሎች ባነሰ ክብደት ነው። ቤተ እስራኤል እስራኤል በገቡ ጊዜ ሲመረመሩ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እጅግ ጥቂት ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ግን በወጣቶቹ ላይ እንኳ በዝቶ ተገኘ። ደሙ ያው ደም ነው፤ የተለወጠው ኑሮው ነው። በዚህ ላይ የዘመድ ናፍቆት፣ የሌሊት ሥራና የእንቅልፍ ማጣት ይጨመራሉ።

ከሁሉ ያሳዘነን ግን የሚከተለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 እና በ1950 ወደ 50,000 የሚጠጉ የየመን አይሁድ በአውሮፕላን ወደዚያ አገር ገብተው ነበር። ከዚያ በኋላ በኢየሩሳሌም የነበረ ኮኸን የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር መረመራቸውና ያገኘውን በ1961 አሳተመ። አዲስ ከመጡት የየመን ሰዎች መካከል የስኳር ሕመም ብርቅ ሲሆን፣ 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ከኖሩት መካከል ግን እንደ ሌላው ሕዝብ ሆኖ ተገኘ። በየመን ሳሉ ስኳር የመብላት ልማድ እንዳልነበራቸውም አመለከተ። እንግዲህ ሽማግሌው ገና በአምቦበር ልጅ ሆነው ከብት ሲጠብቁ፣ ያገኛቸው ነገር በመጽሔት ታትሞ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን የታተመው እርሳቸው በማያነቡት ቋንቋ፣ በማይደርሱበት መደርደሪያ ነው። የታወቀ ነገር ለሚያስፈልገው ሰው በቋንቋው ካልተነገረው እንዳልታወቀ ይቈጠራል።

ይህን ጉድለት ያዩ ሰዎች አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1998 በሂሌል ያፌ ሆስፒታል የምትሠራ አንዲት የስኳር በሽታ ሐኪም ከቤተ እስራኤል ወገኖች ጋር ሆና «ጤነ ብሪኡት» የተባለ ማኅበር በሐዴራ መሠረተች። «ብሪኡት» በዕብራይስጥ ጤና ማለት ነው። «ጤነ» ደግሞ በዕብራይስጥ ቅርጫት ሲሆን፣ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 26 እስራኤላዊ የምድሩን በኵራት ይዞ ወደ እግዚአብሔር የሚቀርብበት ዕንቅብ የተጠራበት ቃል ነው፤ ለአማርኛ ሰሚ ግን ጤና ጤና ይላል። ማኅበሩ ስለ በሽታው በአማርኛ ማስተማሪያ አዘጋጀ፤ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎችን አሠልጥኖ በሐኪሙና በሕመምተኛው መካከል አቆመ። ሽማግሌው ሲናገሩ «ሐኪሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት አንዲት የአገሬ ልጅ በአጠገቤ ተቀምጣ ስታስረዳኝ ነው። ያን ቀን የሰማሁትን 10 ዓመት አስቀድሜ ብሰማው ጣቶቼ አይቀበሩም ነበር» አሉ።

በሐዴራ አድረን በማግሥቱ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለስን። በመንገድ ላይ ሁላችንም የየራሳችንን ቤት እናስብ ነበር። በዋሽንግተን አካባቢ ቀኑን ሙሉ በታክሲው መሪ ላይ ተቀምጦ የሚውለው ወንድማችን፣ በዐረብ አገር በሰው ቤት እስከ እኩለ ሌሊት የምትሠራው እኅታችን፣ በአውሮፓ ከተማ የሌሊት ፈረቃ የያዘው ልጃችን፣ ሁሉም ያንኑ መንገድ የተሻገሩ ናቸው። ከገጠር ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከእርሻ ወደ ወንበር፣ ከእግር መንገድ ወደ ታክሲ የገባውም ሰው ድንበር አልተሻገረም እንጂ ስደተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ላይ የስኳር ሕመም ያለባቸው ጎልማሶች 589 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ተገምቷል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ መታመማቸውን ገና አያውቁም።

ነገር ግን ተስፋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመ ትልቅ ጥናት በሽታው ሊይዛቸው የተቃረበ ከልዩ ልዩ ዘር የተውጣጡ ከ3,000 በላይ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ምግባቸውን መጥነው ክብደታቸውን በጥቂቱ የቀነሱት፣ በሳምንትም 150 ደቂቃ በፍጥነት የመራመድ ያህል የተንቀሳቀሱት፣ ይህን ካላደረጉት ጋር ሲነጻጸሩ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ረግረጉን በቦይ እንዳደረቁት ሁሉ ይህም የሚደርቅበት መንገድ አለው።

ስለዚህ በየቤታችን ይህን እናድርግ። ዕድሜው 35 ዓመት የሞላው ሁሉ፣ ወላጅ ወይም ወንድም የታመመበትም ከዚያ አስቀድሞ፣ በነፍስ ወከፍ ደሙን ያስመርምር፤ ቀጭን ነኝ ብሎ አይዘናጋ። ሌሊቱን ሳይበላ አድሮ በጧት ሲመረመር 126 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ደጋግሞ ከተገኘ የስኳር በሽታ ነው፤ ከ100 እስከ 125 ያለው ደግሞ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። በእርግዝና ጊዜ ስኳር የታየባት እናት ከወለደችም በኋላ ክትትሏን አታቋርጥ። ነጩን ዳቦና ጣፋጩን መጠጥ እንቀንስ፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ጎመን በገበታችን ላይ ይብዙ። የጤፍ እንጀራም ቢሆን መጠኑ ካለፈ ስኳርን ከፍ ማድረጉ አይቀርምና በልክ ይሁን። ጾምም ከሥጋ ወደ ጣፋጭ ሻይና በዘይት ወደ ተጠበሰ ሊጥ መሻገሪያ አይሁን። ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግር መሄድና ስግደት አባቶቻችን ለነፍስ የሠሩት ሥርዓት ነው፤ ለሥጋም በረከቱ አይቀርም።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ጾሙ ሳይገባ አስቀድሞ ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያማክር። ቤተ ክርስቲያናችን ለሕሙማን ርኅራኄ ያላት እናት ናት፤ ልጇ በሰገነት ላይ ወድቆ እንዲቀር አትፈልግም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያስተምረናል፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበረ። ስለዚህ ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን አይጣል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላብ ሲያጠምቀው፣ ሲንቀጠቀጥና ንግግሩ ሲምታታ ያየም ሰው፣ ሕመምተኛው መዋጥ የሚችል ከሆነ ፈጥኖ ስኳር የበዛበት ውሃ ያጠጣው፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይጨምር ወደ ሐኪም ያድርሰው። እኛ ይህን ባለማወቃችን በዴር ሱልጣን ልናጣቸው ነበርና።

አዲስ አበባ በገባን በሳምንቱ እኚያን እናት ልንጠይቃቸው ሄድን። ልጆቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ተሰብስበው ቡና ይጠጣሉ። እንክብሎቹ በነጠላቸው ጫፍ አልነበሩም፤ ከስኒዎቹ አጠገብ፣ ሁሉም በሚያያቸው ስፍራ በሳህን ላይ ተቀምጠዋል። እርሳቸውም ለጎረቤቶቻቸው ስለ ሐዴራው ሽማግሌ እግር እየተረኩ ነበር። ከጎረቤቶቹ አንዷ፣ ከዚያ ቀን በፊት ለማንም ያልተናገረች፣ ወሬው ሳያልቅ ከመቀነቷ አንድ ትንሽ ቋጠሮ ፈትታ በዚያው ሳህን ላይ አኖረች።

ልዑል እግዚአብሔር ለሕሙማን ምሕረትን፣ ለስደተኞች ረድኤትን፣ ለሁላችንም የሰማነውን በጊዜው የምንፈጽምበትን ማስተዋል ይስጠን፤ አሜን።